የብልቃጧ መስመር

«ምልክት አድርገውበታል ብዬዎት አልነበር? ቢነቁስ?»

ጋሽ ቁልፉ ይህን የሰሙት ቅዳሜ ጠዋት፣ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ የፕላስቲክ ሽፋኑ ግራ ዓይናቸው ላይ በፕላስተር እንደተለጠፈ ነው። ድምፁ የምራታቸው ነበር፤ የመጣውም ከማድቤት። የሚመልስላት ሰው ግን አልተሰማም። ስልክ ነው ማለት ነው። ምራታቸው «እርስዎ» እያለች በስልክ የምታወራው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እናቷን። እናቷ ዓይናቸውን ያማቸዋል። ጋሽ ቁልፉ በተንጋለሉበት ሦስቱን ነገር እንደ ሦስት የመጋዘን ቁልፍ በአንድ ቀለበት ላይ አንጠለጠሉት፤ ምልክቱ፣ እናትየዋ፣ ጠብታው። ከዚያ ነቅተው እንደቆዩ እንዳይታወቅባቸው ጮክ ብለው አዛጉ። ማድቤቱ ወዲያው ጭጭ አለ።

ስማቸው ሌላ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የጫማ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጠብቁ፣ ከወገባቸው ከማይለየው የቁልፍ ዘለላ የተነሣ ሠራተኛው «ቁልፉ» አላቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ዘለላውን በፊርማ አስረከቡ፣ ስሙን ግን የሚረከባቸው አልተገኘም። አሁን የሚጠብቁት አንዲት ብልቃጥ ነው። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰኞ ዕለት የግራ ዓይናቸውን ሞራ ገፈው፣ በቦታው የምስር ክክ የምታህል ሌንስ ተክለውላቸዋል። ማክሰኞ ፋሻው ሲነሣ ዓለም ቀለም እንደተቀባ ቤት ሆና ጠበቀቻቸው፤ እሳቸውም ቤት እንደደረሱ እንደ ልማዳቸው ቆጠራ ገቡ። የአምፖሉ ሽፋን ላይ አቧራ አለ። ግድግዳው ከመስኮቱ በላይ ተሰንጥቋል። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ልጃቸው ሳይነግራቸው ሸብቷል። ሻይ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ቀና አድርገው፣ «ይሄ ታጥቦ ነው? እድፉ ተጋግሮበታል እኮ!» አሉ። በዚያ ቤት ብርጭቆ የሚያጥቡት ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ ጓሮው ክፍል የሚያድሩ፣ አንድ ዓይናቸው ነጭ የሆነ፣ ሌላው የሰው ጥላ ብቻ የሚለይላቸው። እትዬ ብርጭቆውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጋሽ ቁልፉ ሌላ ነገር አዩ። ጠብታው ጎድሏል። በቀን ስድስት ጊዜ አንድ አንድ ጠብታ ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ሊወርድ አይችልም፤ ይህን ለማወቅ ሂሳብ አያስፈልግም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በርሜል ሥር መቆም ይበቃል። እስክሪብቶ አወጡ፤ ምላሳቸውን ነክሰው፣ በአዲሱ ዓይናቸው አነጣጥረው፣ ፈሳሹ በደረሰበት ልክ በብልቃጧ ጎን ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አሰመሩ። ለማንም አልተናገሩም። ብልቃጧን ፍሪጅ በር ላይ፣ ከእንቁላሎቹ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙረው መለሷት።

ዛሬ ቅዳሜም ከአልጋ ወርደው በካልሲ፣ ኮቴያቸውን አጥፍተው፣ ወደዚያው ወደ ፍሪጁ ሄዱ። ፍሪጁ ማድቤት ስላልገባ ሳሎን ጥግ ላይ፣ ከምራታቸው የስፌት መኪናና ከደንብ ልብሱ ክምር ጎን ቆሟል። የዓይናቸውን ሽፋን ከፍ አድርገው ብልቃጧን ወደ መስኮት ብርሃን አቀረቧት። ፈሳሹ አልጎደለም። ሐሙስም አልጎደለም ነበር፣ አርብም አልጎደለም። እንዲያውም ዛሬ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ያለ መሰላቸው፤ ነገር ግን ጋሽ ቁልፉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎደሎ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ትርፍ አስጨንቋቸው አያውቅም። «ፈርታ ተወች» አሉ በሆዳቸው፣ ደስ እያላቸው። ከዚያ እንደ ሰሞኑ ልማዳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን የጎማ ነጋዴ ካላንደር ተመለከቱ። ማክሰኞ ከወንበራቸው ሆነው ከሥሩ ያለውን የስልክ ቁጥር ሳይቀር አንብበው ለቤቱ ሁሉ አሰምተው ነበር። ዛሬ ትልልቆቹ ቁጥሮች እንፋሎት በያዘው መስታወት ውስጥ እንደሚታዩ ሆኑባቸው። ጠርገው አዩ። ጨፍነው ገለጡ። የጠዋት ብርሃን ነው አሉ፤ ዓይናር ነው አሉ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ከቅንድባቸው ሥር ስለሚጠዘጥዛቸው ሕመም ለራሳቸውም አልነገሩም። ሕመም ከተናገሩ ክሊኒክ ይወስዷቸዋል፤ ክሊኒክ ከሄዱ ፍሪጁን ማን ይጠብቃል?

ሁለት ሰዓት ላይ ምራታቸው ጠብታውን ልትጨምርላቸው መጣች። እቤት ሆና የተማሪ ደንብ ልብስ የምትሰፋ፣ ደረቷ ላይ ሁልጊዜ ሦስት አራት መርፌ የማይጠፋ ሴት ናት። መጀመሪያ እጇን ታጠበች፤ በሳሙና፣ እስከ ክንዷ፣ ጥፍሯን ሳይቀር። የክሊኒኩ ሲስተር እንዲህ አድርጊ ብላት ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ቀን ሳታጓድል ታደርገዋለች። ጋሽ ቁልፉ ግን ውሃው ሲንሿሿ እየሰሙ፣ ምንም ያላደረገ ሰው ይህን ያህል ምን ያስታጥበዋል ይላሉ። ፊታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ። የብልቃጧ አፍ ዓይናቸውን እንዳይነካ እጇን ግንባራቸው ላይ አሳርፋ አንዲት ጠብታ ለቀቀች። እንደ በርበሬ ለበለባቸው። ወንበሩን ጨበጡ እንጂ ድምፅ አላሰሙም።

«አባባ፣ ዓይንዎ ቀልቷል እኮ።»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«ቆቡም አብጧል። ትናንት እንዲህ አልነበረም። ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣች። የክሊኒኩን ወረቀት ጋሽ ቁልፉ በቃላቸው ያውቁታል፤ ሲስተሯ ሁለት ጊዜ አስደግማቸዋለች። ዓይንዎ ከቀላ፣ ካመመዎ፣ ወይም ማየት ከጀመሩ በኋላ ከደበዘዘብዎ፣ ነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ይምጡ። ይህን ሲሰሙ በልባቸው የተናገሩትንም ያስታውሳሉ፤ ሰውን መልሶ ማስመጫ ዘዴ ነው፣ ለእያንዳንዱ መመላለስ የአንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ ዋጋ ያስከፍላሉ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው ያሉት» አለች ምራታቸው። «እስከ ሰኞ የሚቆይ ነገር አይመስለኝም አባባ። ደንብ ልብሱን አስረክቤ ልምጣና እንሂድ።»

«ምን አጣደፈሽ? ቤቱን ለብቻሽ ፈለግሽው?»

ቀልድ መስሏት ሣቀች። ፊታቸውን ስታይ ሣቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ብልቃጧን መልሳ ስታስቀምጥ የፍሪጁን በር ይዛ ትንሽ ቆም አለች፤ ቀና ብላ ወደ ጓሮው ክፍል በር ተመለከተች፣ ከዚያ ዘጋችው። ጋሽ ቁልፉ ቆም ማለቷን ያዙ። የተመለከተችበትን አቅጣጫ ግን፣ ዓይናቸው ስለደበዘዘ፣ አላዩም።

ደንብ ልብሱን በሁለት ፌስታል ጭና እንደወጣች ፍተሻ ጀመሩ። ለሰው እንግዳ ቢመስልም ለእሳቸው ሥራ ነው። የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ስበው እያንዳንዱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ክር፣ የኖራ ጠመኔ፣ የተሰበረ መርፌ፣ የልጃቸው የድሮ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ብልቃጥ። ክዳኗን ፈትተው በጣታቸው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ አንጠባጠቡ፣ አሸተቱ፣ በሌባ ጣትና በአውራ ጣታቸው መሐል አሹ። የስፌት መኪና ዘይት ነበር። ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ብልቃጧን እንደነበረች ጠቀለሏት፤ ይህችም ብትሆን፣ አሉ፣ ያለ ምክንያት በጨርቅ አልተጠቀለለችም።

«ምን ትፈልጋለህ?»

እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ሻይ፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘው። ጋሽ ቁልፉ መሳቢያውን በጉልበታቸው ገፉት።

«ክር» አሉ።

እትዬ «ክር» ብለው ደገሙት፤ አላመኑም፣ አልተከራከሩምም። ወለሉን በእግራቸው ጫፍ እየለኩ መጥተው ሻዩን ጠረጴዛው ላይ፣ የጋሽ ቁልፉ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ አንዲት ፍንጣቂ ሳያፈሱ አኖሩት። ይህን ቤት በእጃቸው ያውቁታል። ከዚያ ሄዱ ሲባሉ አልሄዱም፤ ወንበር ሳቡ።

«ብርጭቆው እድፍ አለው?»

ጋሽ ቁልፉ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ቀና አደረጉት። ከብርጭቆው ዳር ጀምሮ እስከ መስኮቱ ድረስ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ጭጋግ ነበር። ብርጭቆው ይታጠብ አይታጠብ፣ ሻይ ይሁን ውሃ፣ ሊነግሩ አይችሉም።

«ደህና ነው» አሉ። «ዛሬ አጥርተሽዋል።»

የእትዬ ፊት ፈካ አለ፤ ጋሽ ቁልፉ ግን ይህንንም አላዩም። ሁለቱ እህትና ወንድም ተቀመጡ። በመካከላቸው ብዙ የማይነገር ነገር አለ፤ ከሁሉ የቅርቡ የዛሬ ሁለት ወሩ ነው። የጋሽ ቁልፉ ልጅ ለሁለቱም የክሊኒኩን ካርድ አውጥቶ፣ ለሁለቱም ተራ አስይዞ መጥቶ ነበር። ሆኖም ከሥራ የሚያስቀረው አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ አንዳቸው ይቅደሙ አለ። ጋሽ ቁልፉ ወዲያው፣ «እኔ ልቅደም። እትዬ በዚህ ዕድሜዋ ምን ልታይ ነው?» አሉ። እትዬ ከሁሉም አስቀድመው ሣቁ፤ ቤቱም ሣቀ፤ የእትዬ ካርድ መሳቢያ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንስቶት የሚያውቅ የለም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካንቺና ከኔ እንዳይወጣ» አሉ ጋሽ ቁልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠብታዬ ይሰረቃል። ይቺ ልጅ ለእናቷ እያንጠባጠበች ትወስዳለች። ጠዋት በስልክ ስታወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እትዬ ጠረጴዛውን በጣታቸው ወዲያና ወዲህ አሹ፣ ያልታየ ፍርፋሪ የሚለቅሙ ይመስል።

«ልጅቱን ተዋት» አሉ በመጨረሻ።

«አንቺ ሁሉን ተው ነው። እኔ ግን ይዣታለሁ። መስመር አስምሬበታለሁ። ከመስመሩ ወዲህ አንድ ጠብታ አልጎደለም! መስመር ምን እንደሚሠራ እኔን ጠይቂኝ።» እዚህ ላይ እትዬ መቶ ጊዜ የሰሙትን ታሪክ አነሡ። በፋብሪካው የማጣበቂያ በርሜል እየጎደለ ሲያስቸግር፣ በየበርሜሉ ላይ መስመር ያሰመሩት እሳቸው ናቸው። ከማግስቱ ጀምሮ ጎደሎ የሚባል ነገር ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛ ፊት እጃቸውን ጨብጠዋቸዋል። እርግጥ በዚያው ዓመት ጫማው ሶሉ እየተላቀቀ ከገበያ ይመለስ ጀምሮ ነበር፤ የማጣበቂያ ክፍሉ ኃላፊ፣ ክፉ ሰው፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ሙጫህ ውሃ ሆኗል» ብሎ ሊያዋርዳቸው ሞክሯል። «መስመሩ ላይ አለ ወይስ የለም?» አሉት። አለ። አለቀ፣ ደቀቀ።

ሌላ ጊዜ እትዬ እዚህ ላይ «እሰይ» ይሉ ነበር። ዛሬ አላሉም።

«ለምን ውሃ ሆነ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ምኑ?»

«ሙጫው።»

«ውሃ አልሆነማ! የሰውዬው ወሬ ነው።» ጋሽ ቁልፉ ተናደዱ፤ ንዴቱ ዓይናቸው ላይ ወጥቶ ጠዘጠዛቸው፤ መዳፋቸውን ሽፋኑ ላይ ጫን አደረጉ። እትዬ ትንፋሻቸው ሲቆረጥ ሰሙ።

«ያምሃል።»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት። ለልጅቱ እንዳትነግሪ።»

«ማየቱስ?»

ጋሽ ቁልፉ ሻዩን ፉት አሉ። እትዬ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ቆዩ፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነበር፣ ጸሎት ይሁን ቁጥር አይታወቅም። «ጠብታው ተበላሽቶ ይሆን?» አሉ በስተመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብለው። «ፍሪጅ ውስጥ ያለ መድኃኒት ምን ያበላሸዋል?» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «ሰው ካልሆነ በቀር።» እትዬ ተነሥተው ወጡ። በዚያ ቤት በር ሲመታቸው ታይቶ አያውቅም፤ ሲወጡ ትከሻቸውን የበሩ መቃን መታቸው።

ምራታቸው ስትመለስ አራት ሰዓት ተኩል አልፏል። ፌስታሉን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጋሽ ቁልፉ መጥታ ሽፋኑን አነሣች፤ ያየችው ነገር ፊቷን ለወጠው። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ጥቁሩ ከሥሩ ነጣ ያለ ነገር ቋጥሯል። «ስንት ጣት ነው አባባ?» አለች እጇን ዘርግታ። ጋሽ ቁልፉ ጣት አላዩም። እንደ ቅርንጫፍ የሚወዛወዝ ነገር አዩ። ይህን ማመን ግን ሌላውን ሁሉ መልቀቅ ሆነባቸው፤ ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ሲያበስሉት የዋሉትን አወጡት።

«ለእናትሽ ስንት ጠብታ ደረሳቸው?»

«ምን?»

«የኔን ጠብታ። ምልክት አድርገውበታል፣ ቢነቁስ እያልሽ የነገርሻቸው። ነቅቻለሁ! አዛውንት ነው፣ አያይም፣ አይሰማም ብለሽ ከሆነ፣ የያዝሽው ሰው ካንቺ የባሰ ሌባ ሲይዝ የኖረ ነው።»

ምራታቸው አፏን ከፈተች። ከደረቷ ላይ አንዱን መርፌ ነቅላ መልሳ ሰካችው። ለመናገር ብዙ ነገር እንደነበራት ያስታውቃል፤ ዓይኗ ግን በጋሽ ቁልፉ ትከሻ በኩል አልፎ እትዬ ወደቆሙበት ሄደ፤ እዚያ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አፏን ዘጋች። ልጅቱ ስትናደድ እንባዋ ይቀድማል፤ አሁን ግን እንባዋም አልመጣም። «መኪና እጠራለሁ» አለች። «ሰድበውኝ ሲጨርሱ ጫማዎን ያድርጉ።»

«የትም አልሄድም።»

«ሂድ!» አለ አንድ ድምፅ።

እትዬ ነበሩ። በዚያ ቤት የእትዬ ድምፅ ይህን ያህል ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም፤ ጎረቤት ሬዲዮ የቀነሰ መሰለ። «ተነሥ፣ ሂድ አልኩህ! እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። ልጄ፣ ብልቃጧን ያዣት።» ጋሽ ቁልፉ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይህን ድምፅ ሲሰሙ የሚያደርጉትን አደረጉ። ጫማቸውን ፈለጉ።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሰባት ሰባት እየሆነ አንድ ጊዜ ይታጠፋል። ጋሽ ቁልፉ ማክሰኞ ሲወርዱት ደረጃዎቹን በዓይናቸው እየቆጠሩ ነበር፤ ዛሬ እትዬ በእግራቸው እየቆጠሩ አወጧቸው፤ ሰባት፣ ታጠፍ፣ ሰባት። ምራታቸው ከኋላ፣ ብልቃጧን በንጹሕ ከረጢት ይዛ፣ ለባሏ ስልክ ትደውላለች፤ አውቶቡስ ላይ ነው፣ አያነሣም። ወረፋ የሚይዙት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሲስተሯ የጋሽ ቁልፉን ሽፋን አንዴ ከፍ አድርጋ አየችና ማንንም ሳታስፈቅድ ከሰልፉ ፊት አሳልፋ አስገባቻቸው። ያኔ ነው ጋሽ ቁልፉ የፈሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ተራ ሲገባ ያዩት ሰው ወይ ዘመድ ያለው ነው፣ ወይ የሚሞት። እዚህ ዘመድ የላቸውም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስቀምጣ፣ ስለታም ብርሃን እያበራች ብዙ አየች፤ ትንሽ ተናገረች። ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ፊደል ጠየቀቻቸው፤ ፊደል የለም አሉ። ጣቷን አወጣች፤ ጣት የለም። እጇን ፊታቸው ላይ ስታወዛውዝ ብቻ፣ «አሁን አንድ ነገር አለ» አሉ። ዶክተሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበቻቸው።

«አባባ፣ ኢንፌክሽን ገብቷል። ከላይ አይደለም፤ ከውስጥ፣ ሌንሱ ያለበት ነው። መግሉ ብርጭቆ ሥር እንደሚዘቅጥ ነገር ዘቅጦ ይታየኛል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ የደረሰበትን ሰው ግን ጊዜ አይሰጠውም። አሁን፣ ዛሬ፣ ዓይንዎ ውስጥ መድኃኒት በመርፌ እሰጥዎታለሁ። ትናንት ሲጀምርዎ መጥተው ቢሆን ጥሩ ነበር።»

«ይድናል?» አለች ምራታቸው።

«ልሞክር። ጠብታውን አምጥታችኋል?»

ዶክተሯ ብልቃጧን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መብራቱ አነሣቻት። አዟዟረቻት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መስመር ነው» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «እኔ ነኝ። ረቡዕ። እንዳይጎድል።»

«አልጎደለም» አለች ዶክተሯ ግራ በመጋባት። «ከመስመሩ በላይ ነው። ከረቡዕ ወዲህ አልተጠቀሙበትም?»

«በቀን ስድስት ጊዜ!» አለች ምራታቸው። «በገዛ እጄ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል!»

ዶክተሯ የብልቃጧን አፍ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው፤ የአፏ ላስቲክ ላላ ብሎ ተነቃነቀ፣ ዙሪያውም የጥርስ ምልክት አለው። «ስሙኝ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ። «ማንንም ልከስ አይደለም። ይሄ ተከፍቶ ከነበረ፣ ውሃ ነገር ከገባበት፣ አሁኑኑ ልወቅ። ውሃ ውስጥ የሚኖረው ጀርም ሌላ ነው፣ የሚገድለው መድኃኒትም ሌላ። ላቦራቶሪው ሁለት ቀን ይፈልጋል። ይህ ዓይን ሁለት ቀን የለውም።»

ጋሽ ቁልፉ ምንም አይታያቸውም ነበር፤ ምናልባትም ስለዚህ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የታያቸው። ሐሙስ ስድስት፣ አርብ ስድስት፣ ዛሬ አንድ። ዐሥራ ሦስት ጠብታ ወጥቶለት ያልጎደለ ብልቃጥ። በርሜሎቹ በሙሉ ተሰልፈው መጡ፤ እያንዳንዳቸው መስመራቸው ላይ ልክ እንደቆሙ፤ ከኋላቸውም ሶሉ የተላቀቀ ጫማ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ እስከ መጋዘኑ ጣራ። እጁን ወገቡ ላይ ያደረገው ሰው፣ ክፉው ሰውዬ፣ መስመሩ ላይ አለ ወይስ የለም ተብሎ ዝም ሲል።

«አፍልቼው ነበር» አሉ እትዬ።

ጥግ ላይ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው እንደተቀመጡ ነው የተናገሩት። ዶክተሯ ዞረች። «ምኑን እማማ?»

«ውሃውን። አፍልቼ፣ ባጠብኩት ብርጭቆ አቀዝቅዤ ነው የጨመርኩት። ሦስት ጠዋት። ክዳኗን በጥርሴ ነቅዬ። መስመሩን አላየውም፣ በእጄ መዝኜ ነው፤ አስበልጬ ኖሯል። ልጅቱ ጠብታውን ስወስድ ደርሳብኝ ተዉ ብላኛለች። ዛሬ ጠዋትም ተቆጥታኛለች። ውሃውን አታውቅም። እሷን ምንም አትበሏት።»

ምራታቸው አፏን በእጇ ያዘች። የእትዬን ቃል ሁለቱም፣ እሷም ጋሽ ቁልፉም፣ እኩል ነው ያዳመጡት።

«ጠብታውን ለራስዎ ዓይን ነበር የሚጨምሩት?»

«ሁለት ሁለት ብቻ። ሞራውን የሚያቀልጠው እሱ መስሎኝ። ብርጭቆው እድፍ አለው ብሎኝ ነው።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ማንም አላዞሩም። «ለዐሥራ አንድ ዓመት እኔ ነኝ የማጥበው። ማንም እድፍ አለው ብሎኝ አያውቅም። ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ትጠጡበት ኖሯል።»

ዶክተሯ እየጻፈች ነበር። ሲስተሯን ጠርታ የመድኃኒት ስም ነገረቻት፣ ሌላ ጨመረችበት፣ ሲስተሯ ሮጠች። «የእርስዎንም አያለሁ፤ ሳላየዎት አይሄዱም» አለች ለእትዬ። ከዚያ እስክሪብቶዋን ሳታነሣ፣ «ጠብታውስ ይሁን፤ ውሃውን ግን ለምን ጨመሩበት?» አለች።

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ቁልፉ ቀደሟቸው።

«መስመሩ ላይ እንዲደርስ ነው» አሉ። «መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።»

ዶክተሯ አንድ ነገር ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ፤ ወረቀቱ ነጭ ጉም ነበር። ሲስተሯ ክንዳቸውን ይዛ ወደ መጋረጃው ስትመራቸው ምራታቸው ባለችበት አቅጣጫ ቆሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲከሱ የተከሰሰው ነጻ ቢወጣ ምን እንደሚባል ያስተማራቸው አልነበረም።

«እናትሽ… ዓይናቸው እንዴት ሆነ?»

«መነጽር ተገዝቶላቸው ከተሻላቸው ቆየ አባባ» አለች። «ጠብታ አይጠቀሙም።» ትንሽ ቆይታ ኮታቸውን ከትከሻቸው ላይ አወለቀችላቸውና በደንብ አጥፋ ያዘችው።

አልጋው ቀዝቃዛ ነው። ፊታቸው ላይ መሐሉ የተቀደደ አረንጓዴ ጨርቅ ጣሉባቸው። ዶክተሯ «ማደንዘዣው ትንሽ ይቆነጥጥዎታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢሰማዎ አይንቀሳቀሱ» አለቻቸው። ምን ይታይዎታል ስትላቸው፣ ብርሃን አሉ፤ ከብርሃኑ ሌላስ ስትል፣ ምንም አሉ። ዓይኑ ይመለስ አይመለስ መቼ እንደሚታወቅ ጠየቋት። ሰኞ፣ ምናልባት ማክሰኞ አለች፤ ቃል አልገባችላቸውም፤ እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ያልገባ ሰው አመኑ።

ከመጋረጃው ማዶ ሲስተሯ ለእትዬ አዲስ የታካሚ ካርድ ታወጣለች፤ ዕድሜ ትጠይቃለች፤ እትዬ እየቀነሱ ይናገራሉ። ከዚያ ሲስተሯ ሄደች፤ የምራታቸው ሹክሹክታ መጣ። የጋሽ ቁልፉ ጆሮ ሳያስቡት፣ በልማዱ፣ ተነሣ።

«እትዬ… ባይመለስላቸውስ?»

«ዝም በይ፣ ይሰማል።»

«ባይመለስ ግን?»

«እኔ አለሁ አይደል?» አሉ እትዬ። «ከአልጋው እስከ ፍሪጁ ዘጠኝ እርምጃ ነው። የበሩ መቃን ወጣ ያለ ነው፤ በግራ ትከሻው ይጠንቀቅ። ብርጭቆ ሲጠራ ጣትሽ ላይ ይጮሃል። አስተምረዋለሁ።»

«እንዳይንቀሳቀሱ» አለች ዶክተሯ። «ዓይንዎ አነባ እኮ። አመመዎት?»

«የለም» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «መድኃኒቱ ነው።»

እንዳልሰማ ሰውም ሆኑ።